የበጉ ጭንቅላት ለማን ይሰጣል

ኖቬምበር 4፣ ሰኞ

የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። በረዶ ሲጥል የከተማችን የኮክ-ቴሬክ ሰው ሁሉ ከሰል እንደሌለው በአንድ ጊዜ ትዝ ይለዋል። ከጠዋት ጀምሮ የከሰል ግቢዬ በር ላይ የጭነት መኪናው፣ የፈረስ ጋሪው፣ አንዱ ሰውዬ ደግሞ የሕፃን መግፊያ ጋሪ ይዞ ተሰልፏል።

"ባይኬ፣ ለእኔ ትልልቁን!"

"ባይኬ፣ አምና እኮ ግማሹ አቧራ ነበር!"

ባይኬ ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው። በእኛ ግቢ ግን "ዋጋ ቀንስልኝ" ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ማምቤት እየሮጠ መጣ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የከሰል ግቢ የእሱ ነው። ሰውዬው ወፍራም ስለሆነ እሱ ከሮጠ ነገር አለ ማለት ነው።

"ታሽታን! ሊያግዱን ነው!"

የሒሳብ አስተማሪዋ አይቱርጋን፣ የምክር ቤቱ አባል፣ የውሳኔ ሐሳብ አቅርባለች። ከመጪው መስከረም ጀምሮ የድንጋይ ከሰል በከተማው ውስጥ አይሸጥም፣ አይነድም። ድምፅ የሚሰጠው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው።

ማምቤትን ሻይ አጠጥቼ ላክሁት። ተረጋጋ አልኩት። እኔም ተረጋጋሁ።

ሚስቴ ኡርኩያ ማታ ሳለች። ምንጣፍ ስታራግፍ ውላለች።

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የማወጣው ነገር ሲደራረብብኝ ነው። በቃል የያዝኩት ነገር ይንጫጫል፤ ስጽፈው ጸጥ ይላል።

ማምቤት ዛሬም መጣ። "ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ብናስጨብጣቸውስ?" አለኝ።

"ጉቦ የሰጠኸው ሰው መንገድ ላይ ሲያይህ ፊቱን ያዞራል" አልኩት። "ሰላም የማይለኝ ሰው እንዴት ድምፁን ይሰጠኛል?"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"ቤታቸው በምን እንደሚሞቅ እንይ።"

ማየትም አላስፈለገኝም፤ ምክር ቤቱ ሃያ አንድ ሰው ነው፤ ለማን ከሰል እንደማወርድ፣ ለማን እንደማላወርድ አውቃለሁ። ታች ሰፈር ያሉት ተመራጮች ቤታቸው ጋዝ ገብቶላቸዋል። ስለ ንጹሕ አየር ሲናገሩ ያምርባቸዋል፤ እገዳውን ይደግፋሉ። የኮረብታው ሰፈር ተመራጮች የላካቸው ሕዝብ ከከሰል ሌላ የሚያነደው የለውም፤ ቢደግፉ ሰፈራቸው በድንጋይ ይቀበላቸዋል። ሦስቱ የፓርቲ አለቃቸው ያለውን ይላሉ፤ አለቃው ደግሞ ከበላይ ስልክ እስኪደወልለት ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። አንደኛው ልጁ አስም አለበት፤ እሱ ዘንድ አልሄድም። ሌላኛው ከአይቱርጋን ጋር በትምህርት ቤት አጥር ተጣልቷል፤ ጠዋት ፀሐይ ወጣች ብትል ይቃወማታል። ይህ ሰውዬ የእኔ ነው።

እንዲህ እያልኩ ሳሰላው እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። የምክር ቤቱ አባል የሆነውን ኩዳዬን ካልማትን ማሰብም አላስፈለገኝም። ልጄ ቡሩል የልጁ ሚስት ናት፤ የባልና የሚስት አባቶች ኩዳ ናቸው፣ ኩዳ ደግሞ ከወንድም በላይ ነው።

የሚወዛወዘው አንድ ሰው ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ ኤሚልቤክ።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ጥርሴን ሳያመኝ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ኤሚልቤክ ወጣት ነው፤ እጁ ለስላሳ፣ ነገሩ ሁሉ በይቅርታ ነው። ወንበሩ ላይ አጋደመኝ።

"ኤሚልቤክ፣ ያ እገዳ የሚሉት—"

"አፍዎን ሰፋ ያድርጉልኝ ባይኬ።"

ከዚያ በኋላ የተናገረው እሱ ብቻ ነው። "እውነቱን ልንገርዎት፣ ጠዋት ጠዋት አይቱርጋን ትክክል ትመስለኛለች። እዚህ የሚመጡት ልጆች ሁሉ ያስላሉ፤ መሣሪያውን አፋቸው ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከኮረብታው የመጡ አሮጊቶች 'ልጄ፣ በምን ልንሞቅ ነው?' ይሉኛል፤ እነሱም ትክክል ናቸው። ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ይሻላል?"

"አአአ" አልኩ።

"ልክ ነዎት" አለኝ።

በመጨረሻ ጤነኛ ጥርሴን ሞልቶልኝ ወጣሁ። ግን ከወንበሩ ስነሳ በየዓመቱ ለብርዱ ወቅት ፈረስ አርደን ለምናደርገው ግብዣ ጠራሁት፤ እሺ አለ። ሰው ማዕዴን ከቀመሰ በኋላ በአደባባይ ለእገዳው እጁን ማውጣት ይከብደዋል። ጉቦ አይደለም። ጉርብትና ነው።

ኡርኩያ ስነግራት ሳቀች። ሰሞኑን ሳቋ ሲያልቅ ሳል ይሆናል። ዱቄት ስትነፋ ስለዋለች ነው።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ካልማት ከሰሉን መለሰው! በየዓመቱ አንድ ሙሉ መኪና በስጦታ እልክለታለሁ። ሾፌሩ "የአምናው ገና አልተነካም ብለዋል" አለኝ።

ገረመኝ፤ ቆይቼ ግን ገባኝ። ጨዋ ሰው ነው። በድምፅ መስጫ ሰሞን ከኩዳው ዕቃ ተቀበለ እንዳይባል ነው። ብልህ። እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው።

ኡርኩያና የካልማት ሚስት ሳይራ ዛሬም ስልክ ላይ ናቸው። ከምሳ በፊት ጀምረው ሻይ ሰዓት ደረሰ። "ምን ታወራላችሁ?" ብላት "ስለ ጤና" አለችኝ። ሴቶች ስለ ጤና ማውራት ይወዳሉ።

ኖቬምበር 18

ጥድፊያ። ሁለት መኪና ከማዕድኑ ገባ። አንዱ እርጥብ። ተመለሰ። ተጨቃጨቅን። እኔ ረታሁ።

ማምቤት በኮረብታው ሰፈር "ከሰል ከታገደ ጎማ እናነዳለን" የሚል ወረቀት ሊለጥፍ ነበር። ከለከልኩት። ሞኝ! ይህን ብላ ሰው የምታስፈራራብን አይቱርጋን ናት፣ አንተ አይደለህም።

ኖቬምበር 23፣ ቅዳሜ

የግብዣው ቀን አልፏል። ቢያልፍም ገና ጉሮሮዬ ላይ አለ፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

ፈረሱን ከሳምንት በፊት አርደን ቹቹኩን፣ የፈረስ ሥጋ ቋሊማውን ማለቴ ነው፣ አድርቀን ነበር። ለክብሩ ደግሞ ዛሬ በግ ታረደ። ከምክር ቤቱ አምስት መጡ፤ ካልማት፣ ኤሚልቤክ፣ የአጥሩ ሰውዬ፣ ሁለቱ የኮረብታ ተመራጮች። ስለ እገዳው አንዲት ቃል አልተናገርኩም። መናገር የሚበዛው ምግብ ሲያንስ ነው።

አጥንት ማደል የባለቤቱ ሥራ ነው። የዳሌው አጥንት ለታላላቆች፣ የጭኑ ለሚቀጥሉት፣ ወርቹ ለዘመድ። ጭንቅላቱ ደግሞ ለክቡር እንግዳ። ይህንን ሁሉ የማውቅ እመስላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የምታውቀው ኡርኩያ ናት። በሩ ላይ ትቆማለች። ማን ከማን ይበልጣል፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ከየትኛው ጎሣ እንደተወለደ በዓይኗ ታሳየኛለች፤ እኔም ራሴ ያሰብኩት አስመስዬ አድላለሁ። ዕድሜያችንን በሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው። ሰዉ "ታሽታን ሰው ማክበር ያውቃል" ይላል።

ዛሬ ጭንቅላቱን ሳነሳ ቀና ብዬ አየሁ። በሩ ላይ የለችም። ጓሮ ወጥታለች። ለምን እንደወጣች እንጃ። ከውጭ ሳል ይሰማል።

መጠበቅ ነውር ነው፤ ሥጋው ይቀዘቅዛል። እኔ ደግሞ ያሰብኩት ኤሚልቤክን ብቻ ነው። ሳህኑን ከፍ አድርጌ ይዤ "ወንድሜ ኤሚልቤክ፣ ለክብርህ" ብዬ ፊቱ አስቀመጥኩት።

የአጥሩ ሰውዬ ማኘኩን አቆመ።

ኤሚልቤክ ቀላ። ከዚያ ነጣ። "ባይኬ" አለ በዚያ የይቅርታ ድምፁ። "አባቴ እኮ አልሞተም።"

አባቱ በሕይወት ያለ ሰው ጭንቅላት አይሰጠውም። ተቀብሎ ጆሮውን ቆረጠ ማለት በአባቱ ወንበር ተቀመጠ ማለት ነው። ይህን የአራት ዓመት ልጅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ! ግን የዚህ ሰውዬ አባት ያለ አልመሰለኝም። አይታይ፣ አይሰማ፣ መስጊድ አይመጣ፣ ሰርግ አይወጣ።

ያዳነኝ ካልማት ነው። "ምን ትደነግጣላችሁ! የበጉን ጥርስ እንዲያይለት ነው እኮ የሰጠው!" አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ኤሚልቤክም ሳቀ፤ በአፉ ብቻ። ሳህኑን ወደ ካልማት ገፋ አደረገ። ሻይ ሳይመጣ ካፖርቱን ጠየቀ።

ኡርኩያ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። "ምን ሆነ?"

"ጭንቅላቱን ለኤሚልቤክ ሰጠሁት።"

"አንተ ሰውዬ! አባቱ ኦሮዝ አታ እኮ አሉ! ማሞቂያ ቤቱ ውስጥ እሳት ያነዱ የነበሩት! በሽተኛ ሆነው ከልጃቸው ቤት አይወጡም እንጂ አሉ!"

"አንቺ የት ነበርሽ?"

ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ፤ ግድግዳ ይዛ ቆየች። ውሃ አመጣሁላት። እኔ ግን በልቤ ያንን ሳህን ነበር የማየው።

ሞኝ ነኝ። አንድ ድምፅ በገዛ እጄ በሳህን አቀረብኩና ወረወርኩት።

ኖቬምበር 25፣ ሰኞ

ኡርኩያ ሐይቁ ዳር እህቷ ጋ ሄደች። "እህቴን አሟታል፤ ትንሽ ቀን ልያት" አለች። አውቶቡስ ጣቢያ ሸኘኋት። ሻንጣዋ ከባድ ነው። ስስ የሙቀት ጊዜ ቀሚሷን ሳይቀር አጥፋ ከታለች። ዕቃ ማብዛት ትወዳለች።

መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "ምንም አትጠይቀኝም?" አለችኝ።

"ጓንቴ የት ነው?" አልኳት።

"መሳቢያው ውስጥ" አለችኝ። አውቶቡሱ ሄደ።

ኖቬምበር 28፣ ሐሙስ

እንዲህ ያለ ስህተት የሚታረመው በአፍ አይደለም። የዳሌ አጥንት በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ኦሮዝ አታ ሄድኩ፤ አታ የምንለው ሽማግሌ አባትን ነው። ኤሚልቤክ ሥራ ላይ ነበር።

ሽማግሌው መስኮት አጠገብ ባለ አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው የምታንጎራጉር ማሽን አለች፤ ቱቦዋ አፍንጫቸው ላይ ነው። ገና ሲያዩኝ፦

"መሞቴን ልታረጋግጥ መጣህ?"

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው አታ።"

"ለምን ይቅርታ? ደስ ብሎኛል! ሰው እኔን ካሰበኝ ስንት ጊዜው ነው? ባንተ ስህተት ምክንያት ከተማው ሁሉ 'ኦሮዝ አለ እኮ' አለ። አጥንቱን ወዲህ በለው። የዳሌ ነው? እሰይ። ጥርስ የለኝም፤ ልጄ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነው። ቅቤ ነጋዴ ሆኖ ቅቤ እንደሚራብ ሰው አደረገኝ።"

ጨዋታቸው ደስ ይላል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማው ማሞቂያ ቤት እሳት ሲያነዱ ነው የኖሩት። "ይህችን ከተማ ያሞቅኋት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ሙሽሮቹ ሁሉ በእኔ እሳት ነው የሞቁት። የዚህ ከተማ ልጆች ግማሾቹ ሊያመሰግኑኝ ይገባል!"

እኔ ሳልጠይቃቸው ወደ እገዳው መጡ። "ያቺ አስተማሪ መጥታ ነበር። 'አታ፣ የሳንባዎን ፎቶ ለምክር ቤቱ ላሳይ?' ትለኛለች። ሳንባዬ የፎቶ ኤግዚቢሽን ነው እንዴ! ልጄም በእኔ ምክንያት ሊደግፍ ነው አሉ። ፊቱን አያለሁ፤ እኔን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ የማንም ምክንያት መሆን አልፈልግም! ከሰል ባይኖር እኔ ማን ነበርኩ? ተቃወም እለዋለሁ።"

እንግዲህ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ገበያ በእግሩ ሲመጣ አውቀዋለሁ። "አታ ካሉ" አልኩ።

ሊስቁ ጀመሩ። ሳቁ ግን ወደ ሳል ዞረ። ረጅም ነበር። የአልጋውን ጠርዝ ይዘው፣ ትከሻቸው እየተነሳ እየወደቀ። የሆነ ቦታ የሰማሁት ሳል ነው። የት እንደሆነ ወዲያው አልመጣልኝም፤ ከሰል ግቢ ስመለስ ሥራ በዛና ተውኩት።

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

ኡርኩያ ደወለች። ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ ቡሩል፣ ከዚያ፦ "ድምፅ የሚሰጠው ቀኑ መቼ ነው?" አለችኝ።

ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። ቀኑንም፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነም አንድ በአንድ ነገርኳት። "ካልማትስ?" አለች። "እሱን ተይው፣ የቤት ሰው ነው" አልኳት። "እህ" አለች።

እህቷ እንዳልተሻላት ነገረችኝ።

ዲሴምበር 15፣ እሑድ

ሁለት ቀን ሐይቁ ዳር ሰነበትኩ። ኡርኩያ ፊቷ ቀልቷል፣ ወፈር ብላለች። ጠዋት ጠዋት በዳርቻው እየሄደች ትመጣለች። የእህቷ ሾርባ ይሆናል። አንድም ጊዜ አልሳለችም፤ ልብ ያልኩት ስመለስ መንገድ ላይ ነው።

"መቼ ትመጫለሽ?"

"እህቴ ታማለች አልኩህ እኮ።"

በሩ ላይ የሸኘችኝ ያቺ በሽተኛ እህት ናት፤ በአንድ እጇ መጥረቢያ፣ በሌላው የፈለጠችውን እንጨት ታቅፋ።

የተራራውን መታጠፊያ ሳልፍ ኮክ-ቴሬክ ታየችኝ። አልታየችኝም ልበል እንጂ፤ ግራጫ ክዳን ተደፍቶባታል፤ ከላይ የሚወጣው የመስጊዱ ጫፍ ብቻ ነው። መኪናውን አቁሜ ትንሽ አየሁ። ብርዱ ጠንክሯል ማለት ነው። ሽያጭ ጥሩ ነው።

ቤቱ ባዶ ነው። ጓንቱ መሳቢያው ውስጥ የለም።

ዲሴምበር 27፣ ዓርብ

ካልማት ስልክ አያነሳም። ቡሩልን "አማትሽ ምን ሆኗል?" አልኳት።

"ቤት ውስጥ ጦርነት ነው አባ። እማማ ሳይራ የአማቴን መኝታ ወደ ሳሎን አውጥተውባቸዋል። ሾርባም ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። አቃጠሉት።"

"በምን ተጣሉ?"

"አባ፣ እናቴን ጠይቃት" አለችኝ።

በባልና ሚስት መካከል አልገባም።

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ዳግመኛ የጥርስ ወንበር። አሁን እውነትም አሞኛል፤ ያው የሞላልኝ ጥርስ።

"ባይኬ፣ አባቴ 'ተቃወም' ብለውኛል" አለ ኤሚልቤክ። "አባቴ በሕይወት እያሉ ቃላቸውን አላጥፍም። እርስዎም ይህን ያውቃሉ።" የመጨረሻዋን ሲል ፈገግ አለ፤ መርፌውም ያኔ ገባ። የሚገባኝ ነው።

እንግዲህ አለቀ። በአንድ ድምፅ እንበልጣለን። በአጥንት አበላሸሁ፣ በአጥንት አቃናሁ። ማምቤት አቅፎኝ ከመሬት አነሳኝ።

ለኡርኩያ ደውዬ ነገርኳት። "ጎበዝ ነህ" አለችኝ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። መስመሩ ይሆናል።

ጃንዋሪ 20

ሦስት ቀን ሰማይ አልታየም። ማምቤት ራሱ በመሀረብ አፉን አስሮ መጣ። "ጉንፋን" አለኝ። "አዎ፣ ጉንፋን ነው" አልኩት። ሁለታችንም አልተያየንም።

ሳህን ያለቀብኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አላጠብኩም።

ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔና ማምቤት ኋላ ተቀመጥን። አይቱርጋን ተናገረች፤ በደንብ ተናገረች፣ መካድ አይቻልም። የኮረብታው ተመራጭ ተነሳና "እናንተ ጋዝ አላችሁ፣ የእኛ ሕፃናት በብርድ ይሙቱ?" አለ፤ እሱም በደንብ ተናገረ። ሁሉም የሚጠበቅበትን አለ። ኦሮዝ አታ በዚህ ብርድ ከነማሽናቸው በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን ሊቆጣጠሩ። ሰው ሁሉ ሄዶ እጃቸውን ይስማል። ሙሽራ መሰሉ።

ከዚያ ካልማት ተነሳ። "ማሻሻያ አለኝ" አለ። የኮረብታው ሰፈር አንድ የብርድ ወቅት ይጨመርለት፣ ማዘጋጃ ቤቱም መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለእነሱ ይግዛ። ማምቤት ጎኔን ነካኝ። "ብልህ ነው፤ ሊያጓትተው ነው" አለኝ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

እጅ አወጡ። ኤሚልቤክ አባቱን አየና እጁን ጉልበቱ ላይ ተወው። ሁሉም እኔ እንዳሰብኩት ሆነ። የአጥሩ ሰውዬ፣ የፓርቲው ሦስቱ፣ የአስሙ ልጅ አባት፣ አንድም አልተሳሳትኩም። ከመሐል ግን አንድ ያላሰብኩት እጅ ወጣ። ወፍራም እጅ። የሰርግ ቀን ከእጄ ጋር የተጨባበጠ እጅ።

ካልማት ፊት ለፊት ነበር የሚያየው። ወደ እኔ አልዞረም።

እገዳው ከነማሻሻያው አለፈ።

ጃንዋሪ 31፣ ዓርብ

ካልማት በጠዋት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፦ "ኩዳ፣ መምታት ከፈለግህ ምታኝ፤ መነጽሬን ላውልቅ ብቻ።"

"ግባ። ሻይ ጠጣ።"

"ምንም አልጨመርክበትም?"

"ግባ አልኩህ!"

ተቀመጠ። ያልታጠበውን ሳህን፣ በወንበር ላይ የተከመረውን ልብስ ዙሪያውን አየ። ሁለት ስኒ ጠጣ። ከዚያ ነገረኝ።

"ኡርኩያ ከዚህ ከመሄዷ በፊት ጀምሮ ለሳይራ ትደውላለች። ታውቃለህ፣ ሰምተሃል። ከሄደች በኋላ አንድ ቀን ሳይራ እኔን ጠርታ ስልኩን ሰጠችኝ። 'ካልማት፣ ሐኪሙ ሳንባዬን አይቶ ከዚያ ጭስ ውጪ አለኝ' አለች ኡርኩያ። 'ሰማዩ ካልጠራ ወደዚያ ቤት አልመለስም' አለች። እኔም 'ለባልሽ ንገሪው እንጂ' አልኳት። 'ይጠይቀኝ' አለች።"

ሦስተኛ ስኒ ቀዳሁለት።

"ኩዳ መሆኔን ነገርኳት። ታሽታን ወንድሜ ነው፣ እንዴት አድርጌ አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'እንደ ዘመድ አልለምንህም' አለች። 'እኔ መራጭህ ነኝ። ታሽታን አልመረጠህም፤ የምርጫው ቀን ከሰል ሲያራግፍ ነው የዋለው። በዚያ በረዶ ተሰልፌ የመረጥኩህ እኔ ነኝ።' እውነቷን ነው? እውነቷን ነው። ምን ልበል? ከዚያ ሳይራ መኝታዬን ወደ ሳሎን አወጣች። ሁለት ወር ሶፋ ላይ ተኝቼ ወገቤ ዞሮ ቀረ።"

"ሾርባው ተቃጠለ አሉኝ" አልኩት።

"ሁለት ጊዜ!"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ አቆምኩ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ካልማት ግን ተነስቶ ትከሻዬን ይዞ ቆየ።

ሃያ አንዱን ሰው አሰላሁ። ማን በምን እንደሚሞቅ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን በአጥር እንደተጣላ። የማን አባት እንዳለ ሳይቀር ተማርኩ። በራሴ ቤት ማን እንደሌለ ግን አላየሁም።

ፌብሯሪ 2፣ እሑድ

ሐይቁ ዳር አገኘኋት፤ በረዶው ላይ እየሄደች። አጠገቧ መሄድ ጀመርኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ቆመች። "ከመስከረም ጀምሮ ስስል ምን የምልህ መስሎህ ነው?"

ምንጣፍ፣ ዱቄት ብዬ ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዘጋሁት። ከጥርስ ሐኪሙ ወንበር የተማርኩት ነገር ይህ ብቻ ነው።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?" አልኳት። መጠየቅ እንዲህ ቀላል ነበር።

ነገረችኝ። በሙሉ። እንደ ኦሮዝ አታ አልደረሰባትም፤ ከጭሱ ከራቀች ይሻላታል።

"አሁን ተቆጥተሃል?"

"ግቢዬን አዘጋሽብኝ እኮ።"

"'ሰው ሙቀት እንጂ ከሰል አይገዛም' እያልክ አይደል ስንት ዓመት ጆሮዬን ያደማኸው? ሌላ ሙቀት ሽጣ!"

"ጓንቴን የት አደረግሽው?"

ከኪሷ አወጣችው። እሷ ናት ይዛው የሄደችው። "ሳታገኘው ስትቀር ትደውላለህ ብዬ ነበር" አለችኝ።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያዎቹን የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች አስመጣሁ። ለናሙና አንዱን ቤቴ አስገባሁ፤ የከሰል ደንበኞቼ እንዳያዩኝ በጓሮ በር። ያው ማምቤት በግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ አየኝ። "ከሃዲ!" አለኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "ለእኔስ ስንት ትሸጥልኛለህ?" አለ።

"ባይኬ በለኝ እንጂ" አልኩት።

ኦሮዝ አታ አሁንም እገዳውን እየተሳደቡ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠዋል። መስኮቱ ግን ክፍት ነው። ዛሬ ስንጠይቃቸው፣ ብርዱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የተመለሰችውን ኡርኩያን "ልጄ፣ ባልሽ እኔን ለመግደል ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ተጠንቀቂ" አሏት።

ከቤታቸው ወጥተን የሰፈሩን መንገድ ስንወርድ ድንገት በዝርዝር የነገርኳት ያ ሳህን ትዝ አላት። ጭንቅላቱን ከፍ አድርጌ የያዝኩትን፣ የአጥሩን ሰውዬ አፍ፣ የካልማትን የበግ ጥርስ። መሳቅ ጀመረች። መንገድ መሐል ቆማ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ሰዎች እያዩን።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ጆሮዬን ሰጥቼ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

ሳቋ እስከ መጨረሻው ሳቅ ነበር።